የፒፓ ትንባሆና የእርጥበቱ ልክ

ፒፓ የሚያጨስ ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ አንድ ቆርቆሮ ትንባሆ በገዛ ቍጥር፥ ከቅጠሉ ጋር ውሃንም በቅጠሉ ዋጋ ገዝቶ እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ከፋብሪካ የሚወጣ የፒፓ ትንባሆ እንደ ልማዱ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው፥ የአንዳንዱም ከዚህ የሚበልጠው፥ ውሃ ነው። አጫሹ ይህን ቢዘነጋውም የእንግሊዝ መንግሥት ግን አልዘነጋውም ነበር፤ ቀረጡ የሚከፈለው ያልተፈበረከው ቅጠል ከመርከብ ወርዶ በክብደቱ ስለ ነበረ፥ ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ሁሉ ቀረጥ ያልተከፈለበት ክብደት ሆኖ ለነጋዴው ትርፍ፥ ለግምጃ ቤቱ ግን ጉዳት ይሆን ነበርና፥ በ1887 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ፥ በፈላ ውሃ ሙቀት ልክ ሲደርቅ ከክብደቱ ከ35 በመቶ በላይ የሚጐድል ትንባሆ በአምራቹም ሆነ በሻጩ ዘንድ እንዳይገኝ ተከለከለ፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላም ወሰኑ ወደ 30 በመቶ ዝቅ ተደረገ። እንግዲህ ከአንድ ጥቅል ትንባሆ ሲሶው ውሃ ቢሆን ሕጉ የማይቃወምበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

ስለ ትንባሆ አጠባበቅ ምክር የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው መድረቁን ነው፤ ስለዚህም ገና ከሱቅ እንዳመጣው ሊያረጥበው፥ በየሳምንቱ ውሃ ሊረጭበት፥ የፖም ቍራጭም ከውስጡ ሊጨምርበት ይቸኵላል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ፥ የአጫሹን ምላስ የሚያቃጥለው፥ ፒፓውን የሚያንጐራጕረው፥ የክብሪት ቀፎውንም ያለ ጊዜው ባዶ የሚያደርገው የእርጥበት ማነስ ሳይሆን የእርጥበት መብዛት ነው፤ የዚህም ስሕተት መነሻ፥ ትንባሆን ለማስቀመጥ የሚስማማው ልክና ለማጨስ የሚስማማው ልክ አንድ አለመሆኑን አለማስተዋል ነው። የሚቀመጠው ትንባሆ ለስለስ ብሎ፥ የሚጨሰው ግን ደረቅ ብሎ ሊገኝ ይገባዋል፤ ጥበቡም ሁሉ በሁለቱ መካከል ያለውን አጭር መንገድ በትዕግሥት መሄድ ነው።

የትንባሆ ቅጠል ከግንዱ ተለይቶ ከደረቀና በመኪና ከተከተፈ በኋላም ቢሆን ከአየር ጋር ያለውን ግብይት አያቋርጥም። አየሩ እርጥብ በሆነ ጊዜ ውሃ ይስባል፥ አየሩ በደረቀም ጊዜ የሳበውን መልሶ ይሰጣል፤ የጥንት መጻሕፍታችን የተጻፉበት ብራና በክረምት እንደሚለሰልስና በበጋ እንደሚኮማተር ያየ ሰው የትንባሆንም ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። ይህ መስጠትና መቀበል የሚቆመው በቅጠሉና በአየሩ መካከል ያለው እርጥበት ሚዛኑን ሲያገኝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት የሚለኩት የቅጠሉን ውሃ ብቻ ሳይሆን የአየሩንም አንጻራዊ እርጥበት፥ ይኸውም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን እንደ ያዘ ነው። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ግድም ሲሆን፥ በውስጡ የቈየ ትንባሆ ከክብደቱ 12 ወይም 13 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል። ሲጋራ የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች እንኳ ምርመራውን ከመጀመራቸው በፊት ሲጋራውን 22 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የሚያቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ የፒፓ አጫሾች የሚወዱትም ልክ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ይሁን እንጂ ቅጠል ሁሉ ውሃን በአንድ ዓይነት አይዝም። ቨርጂኒያ የተባለው ቅጠል በተዘጋ ጎተራ ውስጥ፥ በቧንቧ በሚተላለፍ የእሳት ሙቀት ፈጥኖ ስለሚደርቅ፥ ስኳሩ ሳይጠፋ በውስጡ ይቀራል፤ ስኳሩም ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ለዚህ አሠራር መነሻ የሆነው ታሪክ የሚያስደንቅ ነው፤ በ1839 በሰሜን ካሮላይና፥ በካስዌል አውራጃ፥ አባይሻ ስሌድ በሚባል ባለ እርሻ ዘንድ በባርነት ይሠራ የነበረ ስቲቨን የተባለ ሰው፥ ሌሊት የጎተራውን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎት፥ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ደንግጦ ነቅቶ፥ ከብረት ሠሪው ስፍራ ከሰል አምጥቶ ቢጨምርበት፥ በድንገት የተነሣው ብርቱ ሙቀት ቅጠሉን ደማቅ ብጫ አድርጎ አደረቀው ይባላል። የዓለምን የትንባሆ ንግድ የለወጠው ግኝት የባሪያው ነበር፤ ዋጋውን የተቀበለው ግን ጌታው ነው።

በርሊ የሚባለው ደግሞ በአየር ብቻ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ ከሞላ ጐደል ያልቅበታል፤ አካሉም ረቂቅ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ፋብሪካው የሚያጠጣውን ሁሉ ይጠጣል። የኬንታኪ ገበሬ ይህን ቅጠል ከጎተራው ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ካደረቀው በኋላ በደረቅ ቀን ሊያወርደው አይደፍርም፤ ቢነካው በእጁ ላይ ይደቅበታልና፥ ዝናብ ወይም ጉም የሚወርድበትን ጊዜ ጠብቆ፥ ቅጠሉ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሲለሰልስ ነው የሚያወርደውና የሚለየው። በፋብሪካም ቢሆን ቅጠሉ ከመከተፉ በፊት በእንፋሎት የሚለሰልሰው ለዚሁ ነው። ለከተፋ የሚያስፈልገው እርጥበት ግን ለማጨስ ከሚያስፈልገው ይበልጣል፤ ፋብሪካው ትርፉን ውሃ ሁሉ አድርቆ ለማውጣት ብዙ ምክንያት የለውምና፥ የቀረውን ማድረቅ ለገዢው ይተዋል። በእንግሊዝ አገር በኬንዳል ከተማ የሚሠራው ፍሌክ፥ ማለት ተጨቍኖ በስስ የሚቈረጠው ትንባሆ፥ ከቆርቆሮው ሲወጣ እጅን የሚያረጥብ በመሆኑ በአጫሾች ዘንድ የታወቀ ነው። በጢስ የሚታጠነው የቆጵሮስ ላታኪያና፥ በሉዊዚያና በሴንት ጄምስ በበርሜል ተጨቍኖ በገዛ ጭማቂው የሚብላላው ፔሪክም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ጋር ተቀይጠው ስለሚሸጡ፥ አጫሹ የቅይጡን እርጥበት እንጂ የያንዳንዱን አይከታተልም።

አሁን ወደ ፒፓው ጽዋ እንግባ፤ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ከዚያ ነውና። አንድ ግራም ውሃ ከበረዶነት ነጥብ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ 100 ካሎሪ ሙቀት ይበቃዋል፤ የፈላውን ያንኑ አንድ ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። በጽዋው ውስጥ 3 ግራም ትንባሆ ቢኖርና ከዚያ ውስጥ 20 በመቶው ውሃ ቢሆን፥ ፍሙ ቅጠሉን ከማቃጠሉ በፊት ከግማሽ ግራም የሚበልጥ ውሃ አፍልቶ ማትነን ግዴታው ነው፤ ስለዚህ እሳቱ ይደክማል፥ አጫሹም እሳቱ እንዳይጠፋበት ደጋግሞና አብዝቶ ይስባል። በብርቱ የተሳበ ፍም ደግሞ ልኩን አልፎ ይግላል፤ እንፋሎቱም በአገዳው ውስጥ ሙቀቱን ተሸክሞ መጥቶ ምላስ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ምላሱ በተቃጠለ ጊዜ ትንባሆው ኀይለኛ ነው ብሎ ሌላ ዓይነት ይገዛል፤ እንፋሎት ግን ከጭስ ይልቅ እንደሚያቃጥል ማንኛዋም ወጥ ሠሪ ብትጠየቅ ታውቃለች። ከእንፋሎቱ የቀረው በቀዝቃዛው አገዳ ውስጥ እንደ ገና ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ፒፓው በየትንፋሹ ማንጐራጐር ይጀምራል፤ የዚያም ውሃ ምሬት አንድ ጊዜ ወደ አፉ የገባበት ሰው ዳግመኛ አይዘነጋውም። እዚህ ላይ መጨመር የሚገባው፥ ፈጽሞ የደረቀ ትንባሆ እንኳ ሲነድ ከገዛ አካሉ ውሃ የሚያወጣ መሆኑ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነውና። ስለዚህ ያለ ውሃ የሚጨስ ፒፓ የለም፤ የሚጠየቀው ትርፉ ብቻ ነው።

እጅግ የደረቀውም ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ፈጥኖ ይነዳል፥ ጽዋውን ያግላል፥ በእጅ ሲታሽ ደቆ ትቢያ ስለሚሆንም የአገዳውን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ከሁሉም የሚከፋው፥ መዓዛውን የሚሰጡት ተናኝ ዘይቶች ከውሃው ጋር አብረው መሄዳቸው ነው። ውሃውን መልሶ መስጠት ይቻላል፤ የሄደውን መዓዛ ግን የሚመልስ የለም። መድረቅን መፍራት ትክክል የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከትንባሆው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቈንጥሮ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ እንደ ተጨመቀ ተጣብቆ ከቀረ ውሃው በዝቷል፥ ተሰባብሮ ከደቀቀ ደርቋል፥ ቀስ ብሎ እየተፍታታ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ግን ለፒፓ ደርሷል። በዚህ ፈተና የሚያስቱት ጣፋጭ መዓዛ የተቀባባቸው ቅይጦች ብቻ ናቸው፤ ፋብሪካው እንዳይደርቁ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ስለሚጨምርባቸው፥ ሌሊቱን ሙሉ በአየር ላይ ቢያድሩ እንኳ በእጅ ሲነኩ ርሰው ይገኛሉ። እነዚህን የፈለገውን ያህል ቢያሰጧቸው የሚደርሱበት ወሰን አለ፤ እኔም ለጀማሪ የማልመክራቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የረጠበውን ለማድረቅ የሚጨሰውን ያህል ብቻ ከቆርቆሮው አውጥቶ በንጹሕ ወረቀት ላይ ማስፋት ነው። ለስስ ክትፍ ሩብ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ የኬንዳልን ፍሌክ የመሰለው ግን ተበታትኖ ሰዓታት ይፈልጋል። ከምድጃ ወይም ከፀሐይ አስጠግቶ ማፋጠን የሚወድ ሰው ከላይ የተናገርነውን የመዓዛ ነገር ያስብ።

ወደ ማስቀመጡ ስንመጣ፥ ያለፈው ዘመን ሰዎች ብዙ ነገር ሞክረዋል። መርከበኞች ቅጠሉን በሮም መጠጥ አርሰው በሸራ ጠቅልለው፥ በገመድም ጨቍነው ያስሩት ነበር፤ አየር እንዳይገባበት መጨቈናቸው ከመጠጡ ይልቅ ጠቅሟቸዋል። የእንግሊዝ ባላባቶች ደግሞ ትንባሆውን የሚጫን ሁለተኛ ክዳን ከውስጡ ያለበት የእርሳስ ዕቃ ነበራቸው፤ እርሳስ አየር ለመከልከል እጅግ መልካም፥ ለሰው አካል ግን መርዝ ስለ ሆነ፥ ከጌጥነት በቀር ዛሬ የሚፈለግ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው አቀማመጥ የሸርሎክ ሆልምስ ነው፤ ደራሲው ኮናን ዶይል በ1893 ባወጣው አንድ ታሪክ፥ ይህ የተደነቀ መርማሪ ትንባሆውን በፋርስ ነጠላ ጫማ ጫፍ ውስጥ ያስቀምጥ እንደ ነበረ ጽፏል። የለንደን ጉም ባይራራለት ኖሮ በሳምንት ውስጥ ትቢያ ያጨስ ነበር።

የዛሬው ሰው ግን መፍትሔውን ከማዕድ ቤት ያገኘዋል። ጆን ላንዲስ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1858 የፈጠራ መብት ያገኘበት፥ እየዞረ የሚጠብቅ ክዳን ያለው የመስተዋት ብልቃጥ፥ ፍራፍሬና አትክልት ለማቈየት የተሠራ ቢሆንም ለትንባሆም ከሱ የሚሻል ዕቃ እስካሁን አላየሁም። መስተዋት ውሃ አያሳልፍም፥ ሽታ አይቀበልም፥ ሽታም አይሰጥም፤ የክዳኑ ጎማ ደኅና ከሆነ በልኩ የገባ ትንባሆ ዓመታት ሳይለወጥ ይቈያል፤ ይልቁንም ቨርጂኒያ የበዛበት ቅይጥ በውስጡ እየተብላላ ይለሰልሳል፥ ይጣፍጣልም። ፋብሪካው ያሸገው ቆርቆሮም እስካልተከፈተ ድረስ እንዲሁ ይጠብቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ክዳኑ መሸፈኛ እንጂ ማሸጊያ አይደለም። የፕላስቲክ ከረጢት ቀስ እያለ ተኑን ያሳልፋል። የሲጋር ሣጥን ደግሞ ጨርሶ አይስማማም፤ ሲጋር የሚፈልገው አየር ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ ስለ ሆነ ለፒፓ ትንባሆ ይበዛል፥ ሣጥኑ የሚሠራበት የዝግባ ዓይነት እንጨትም የራሱን ሽታ ያጋባበታል። ብልቃጡ በጨለማና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ቀን እየሞቀ ሌሊት የሚቀዘቅዝ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ፥ ተኑ በመስተዋቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፥ ሻጋታም ከዚያ ይጀምራል።

የደረቀውን መልሶ ለማለስለስ የሚቸኵል ሁሉ ይጸጸታል። የፖም ወይም የድንች ቍራጭ መጨመር የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቍራጩ ራሱ ስለሚሻግት ሻጋታውን ለትንባሆው ያወርሰዋል። የሚሻለው ትንባሆውን በሰፊ ሳሕን ላይ አስፍቶ፥ ቅጠሉን በማይነካ እርጥብ ጨርቅ ሳሕኑን ሸፍኖ፥ በየጊዜው እያገላበጡ መጠበቅ ነው፤ ወይም በተጣራ ውሃ የተነከረች ትንሽ ያልተቀባች የሸክላ ቍራጭ፥ ውጪዋ ተጠርጎ፥ ብልቃጡ ውስጥ ማኖርና ሲለሰልስ ማውጣት ነው። በአሮጌ ቨርጂኒያ ላይ ነጭ ነገር የታየ እንደ ሆነ ወዲያው መጣል አይገባም፤ በብርሃን ፊት የሚያብለጨልጭ ደረቅ ቅንጣት ከሆነ ከቅጠሉ የወጣ ክሪስታል ነው፥ የእርጅናውም ምስክር ነው። ጠጕር ያለውና የጓዳ ሽታ የሚሸት ከሆነ ግን ሻጋታ ነውና ከነብልቃጡ መወገድ አለበት።

የአየር እርጥበት መለኪያ የገዛ ሰው ቢኖር እውነተኛነቱን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርሶ፥ ሳይሟሟ ጭቃ ሆኖ እንዲቀር አድርጎ፥ በጠርሙስ ክዳን ላይ ካኖረው በኋላ ከመለኪያው ጋር በአንድ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ቢያሳድረው፥ በማግሥቱ መለኪያው 75 በመቶ ማሳየት ይገባዋል፤ እርጥብ ጨው በተዘጋ አየር ውስጥ ሁልጊዜ የሚያረጋው ልክ ይኸው ነውና።

በአዲስ አበባ ለሚኖር አጫሽ ይህ ሁሉ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፥ ከኅዳር ጀምሮ ያለው የበጋ አየር የተከፈተን ትንባሆ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በወረቀት ላይ የተሰጣው ሊደርቅ እንቢ ይላል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው መኪና አየሩንም አብሮ ስለሚያደርቀው፥ ለእነርሱ ዓመቱ ሁሉ በጋ ነው። በገጠራችን የታወቀው ጋያ ግን ጭሱን በቅል ውስጥ ባለ ውሃ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የዚህ ጽሑፍ ምክር አይመለከተውም።

ፒፓው ራሱም ከእርጥበት ነገር ውጭ አይደለም። የፈረንጅ ፒፓ አብዛኛው የሚቀረጸው በሜዲትራንያን ዳርቻ ከሚበቅል ዕፅ፥ ከሥሩና ከግንዱ መጋጠሚያ ላይ ከሚያብጠው ጕጥ ነው፤ ይህ ዕፅ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ አስታ ብለን የምንጠራው ራሱ ነው። እንጨቱ እሳት የሚችል፥ ጥቂት ውሃም የሚመጥ ስለ ሆነ፥ ከተጨሰበት በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲያርፍ ካልተደረገ፥ በልኩ የደረቀውን ትንባሆ ያልደረቀው ፒፓ ያበላሸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ ትንባሆ የተነቀፈ መሆኑን፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመናቸው አጥብቀው እንደ ከለከሉት የሚያውቅ አንባቢ፥ ይህን ያህል ሐተታ ስለ ምን እንዳስፈለገ ይጠይቅ ይሆናል። ሐኪሞችም ከነቀፋው ጋር ተስማምተዋል፤ የአሜሪካ ዋና የጤና ሹም በ1964 ባወጣው መግለጫ ፒፓ ማጨስ የከንፈር ነቀርሳ እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በልኩ የደረቀ ትንባሆ ምላስን ከመቃጠል ያድን ይሆናል እንጂ ይህን ፍርድ አይለውጥም፤ ያላጨሰ ሰው በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳይጀምር እለምናለሁ።

የሚያጨስ ግን አንድ ቆርቆሮ ሳይጨርስ ሌላ አይክፈት፤ የከፈተውንም በዚያው ቀን ወደ መስተዋት ብልቃጥ ያዛውረው፥ የትንባሆውን ዓይነትና የከፈተበትን ቀን በክዳኑ ላይ ይጻፍ፥ ሊያጨስ ባሰበ ጊዜም የሚበቃውን ያህል አስቀድሞ አውጥቶ ያስጣ።